ቁራኛና ቀጠሮ

አክስቴ የፍርድ ቤት ወረቀታቸውን በጥቁር ፌስታል ቋጥረው ከፍራሻቸው ሥር ነው የሚያስቀምጡት። ጉዳዩ የአጥር ነው። ጎረቤታቸው ሁለት ሜትር ያህል ወደ ግቢያቸው ገፍቶ ግንብ ሠራ፤ እሳቸውም ከሰሱ። ይኸው አራተኛ ዓመታቸው። አንዴ መጥሪያ አልደረሰም ተባለ፣ አንዴ መዝገቡ አልቀረበም፣ አንዴ ዳኛው ተዛውረዋል። ግንቡ ግን በዚህ መሐል ቀለም ተቀብቷል፤ አናቱ ላይም የጠርሙስ ስባሪ ተተክሎበታል። ባለፈው ነገሩ ከምን ደረሰ ብዬ ብጠይቃቸው፣ «የቀጠሮ ቁራኛ ሆኜ ቀረሁ፣ ልጄ» አሉኝ።

ቃሉ ከጆሮዬ አልጠፋ አለ። ዛሬ ቁራኛን የምናውቀው ሥጋው አልቆ ጥላው ሲቀር ነው። ታሞ የተኛ ሰው የአልጋ ቁራኛ ይባላል፤ የተጠረጠረ በዐይነ ቁራኛ ይታያል፤ የተሳሰሩ ነገሮች ቁርኝት አላቸው እንላለን። ሥሩ ግን ብረት ነው። በድሮው ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ተበዳሪ ፍርድ እስኪያገኙ ድረስ በአንድ ሰንሰለት ይቆራኙ ነበር። አንዳንዴም ብረቱ ይቀርና የኩታቸው ጫፍ ከጫፍ ይቋጠራል። አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይቀመጣሉ፣ አብረው ያድራሉ። አንዱ ሲገላበጥ ሌላው ይነቃል። «በዐይነ ቁራኛ» ስንል የዚያን ሰው ዐይን ማለታችን ነው፦ ባለዕዳው እንዳያመልጠው እንቅልፍ አጥቶ የሚጠብቀውን።

ሥርዓቱን አልናፍቀውም። ተበደልኩ ያለ ሰው ከበዳዩ ጋር አብሮ መታሰሩ ጭካኔ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ቢሆንም ከዚያ ሰንሰለት አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። ሁለት ጫፍ ነበረው። ነገሩ ሲጓተት የከሳሹም የተከሳሹም እርሻ ጦም ያድራል፤ ሁለቱም ዳኛው ቶሎ እንዲቀመጥላቸው ይሻሉ። ዛሬ የአክስቴ ጎረቤት በቀጠሮ ቀን ዝር አይልም፤ ጠበቃ ይልካል። በሌሊት የሚነሱት፣ ታክሲ የሚሰለፉት፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ስማቸው እስኪጠራ የሚጠብቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሰንሰለቱ አልተበጠሰም፤ አንዱ ጫፍ ብቻ ነው የተፈታው።

ድሮም ቢሆን ከቁራኛ የሚያድን መንገድ ነበር፤ ዋስ መጥራት። አስተማማኝ ዋስ ማግኘት የሚቀለው ደግሞ ለባላባት ነበር። ባላባት ሲነጣጠል ባለ አባት ነው፤ አባት ያለው ማለት። ገበሬው፣ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ ያለ አባት ተወልዶ አይደለም። ቃሉ የሚቆጥረው ርስት ያወረሰውን፣ ስሙ ዳኛ ፊት ሲጠራ የሚያስከብረውን አባት ብቻ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የባላባቱን መሬት ወሰደ። በቃሉ ውስጥ ያለውን ሐሳብ ግን የወሰደው የለም፤ «ሰው ያለው» የሚል አዲስ ስም ወጥቶለት ከተማ ገባ። «እሱኮ ሰው አለው» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ማንም አይጠፋውም። አክስቴ አምስት ልጆች አሳድገዋል፤ ዕድርተኛው ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ስለ መዝገባቸው ሲያወሩ ግን «እኔ ሰው የለኝ» ይላሉ። «ሰው» የሚለው ቃላችን ይህን ያህል መጥበቡ ያመኛል።

ፍትሕን ከዚህ አጠገብ አስቀምጡትና እዩት። ግእዙ ፈትሐ ሁለት ፍቺ አለው፤ ፈታና ፈረደ። ዐረብኛው ፈተሐ ደግሞ ከፈተ ማለት ነው። ለሙት የሚደረሰው ፍትሐት፣ የባልና ሚስት ፍቺ፣ የእስረኛው መፈታት፣ ንስሐ የገባው ሰው ካህኑን «ይፍቱኝ» የሚለው፣ ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። በ13ኛው መቶ ዘመን ግብፃዊው ኢብን አል አሳል በዐረብኛ ያዘጋጀው፣ በኋላም ወደ ግእዝ የተመለሰው የሕግ መጽሐፍም ፍትሐ ነገሥት የተባለው በዚሁ ቃል ነው። አባቶቻችን መፍረድን ከመፍታት አልለዩትም። ቁራኞቹ ፍርድ ባገኙ ቀን ቃሉ በዐይን ይታይ ነበር፤ የኩታው ጫፍ ይፈታል፣ ሁለቱም በየፊናቸው ይሄዳሉ።

ቀጠሮም ቢሆን ከሥሩ ክፉ ቃል አይደለም። ግእዙ ቀጸረ ዙሪያውን አጠረ ነው፤ ቅጥር ግቢ የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። ቀን መቅጠርንም እኔ ከዚሁ ጋር አያይዤ አነበዋለሁ፦ ለነገሩ አጥር ማበጀት፣ ከዚህ አያልፍም ማለት። «ተለዋጭ ቀጠሮ» በተጻፈ ቁጥር ይህ አጥር ይገፋል። የአክስቴ ጎረቤት አንዴ ድንጋዩን ገፋ፤ ከዚያ ወዲህ የሚገፋው ቀኑን ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 በወንጀል የተከሰሰ ሰው ጉዳዩ ተገቢ በሆነ አጭር ጊዜ እንዲሰማለት ይደነግጋል። በአንቀጽ 37 ደግሞ ለማንም ሰው ጉዳዩን ፍርድ ቤት አቅርቦ ፍርድ የማግኘት መብት ይሰጣል። በዚህኛው አንቀጽ «አጭር ጊዜ» የሚል ቃል የለም። አጥራቸው የተገፋባቸው ሰዎች የሚቆሙት እዚያ ክፍተት ላይ ነው። ቢረቱ እንኳ ይግባኝ ይጠብቃቸዋል። ይግባኝ ራሱ «ጉዳዬ ይግባልኝ» የሚል የተበዳይ ልመና ነበር፤ አሁን ግንቡን የሠራውም ሰው ጊዜ ይገዛበታል።

ፍርድ ቤቱ ለክረምት ሊዘጋ ሲል የአክስቴ መዝገብ ለጥቅምት 14 ተቀጠረ። ግድግዳው ላይ ያለው ካላንደር የሚመጣው ዓመት ጥቅምት ስለሌለው፣ ቀኑን በእስክሪብቶ በፌስታሉ ውስጥ ካለው የመጨረሻ ወረቀት ጀርባ ጻፉት። ከዚያ ፌስታሉን ቋጥረው ወደ ፍራሹ ሥር መለሱት።