ኢሜይልን በተራ ስልክ ማድመጥ

ኢንተርኔት በሌለው የቁልፍ ስልክ ደውሎ የኢሜይል መልእክትን በኮምፒውተር ድምፅ የማስነበብ ዘዴ። ስልኩ ከመደወልና ከማሰማት ሌላ የሚሠራው የለም፤ ድካሙ ሁሉ የሰርቨሩ ነው።

በሰርቨሩ ላይ ያለ አጭር ስክሪፕት አዲስ መልእክቶችን አይማፕ በተባለው የኢሜይል መቀበያ ፕሮቶኮል በኩል ያመጣል፤ ጽሑፉንም እንደ ኢስፒክ ላለ አንባቢ ፕሮግራም ይሰጣል። የተገኘውን ድምፅ ለደዋዩ የሚያደርሰው አስተሪስክ ነው፤ ማርክ ስፔንሰር በ1999 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነፃ የስልክ ማዞሪያ ሶፍትዌር። ደዋዩ ቁጥር እየተጫነ መልእክት ያስደግማል፣ ይዘላል ወይም ይሰርዛል።

ከባዱ ሥራ ጽሑፉን ማጽዳት ነው። ባልተጣራ ኢሜይል ውስጥ የድረ ገጽ ኮድ፣ ረጃጅም ሊንኮችና የቀድሞ ምላሾች ግልባጭ ይግተለተላሉ፤ ያን ሁሉ ፊደል በፊደል መስማት ትዕግሥት ያስጨርሳል። በዚያ ላይ የተለመደው የስልክ መስመር ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ስለሚያሳልፍ የሰውና የቦታ ስሞች ይደበዝዛሉ። አማርኛ ሲነበብ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ መጥበቅና መላላት በፊደል አይለይምና ፕሮግራሙ በግምት ያነባል።

ሐሳቡ ቆየት ያለ ነው። ጄኔራል ማጂክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1998 እ.ኤ.አ. ፖርቲኮ በተሰኘ አገልግሎት ኢሜይል በስልክ ያስነብብ ነበር፤ ማይክሮሶፍትም ተመሳሳዩን ኤክስቼንጅ 2007 በተባለው የኢሜይል ሰርቨር ሶፍትዌሩ ውስጥ አካቷል።

የደዋዩን ቁጥር ብቻ አይቶ የመልእክት ሳጥን መክፈት አደገኛ ነው፤ ቁጥር ማስመሰል ስለሚቻል ጥንቁቅ ስክሪፕት ቢያንስ የሚስጥር ቁጥር ይጠይቃል።