«ነፃ ትምህርት» እስከ የት ድረስ ነፃ ነው?

ከመጨረሻው ደወል በኋላ የሚሰበሰብ የተማሪዎች ክበብ ትምህርት ነው ወይስ መዝናኛ? ጥያቄው ተራ ይመስላል። በአሜሪካዋ የካሊፎርኒያ ግዛት ግን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል።

እ.ኤ.አ. በ1978 የግዛቲቱ መራጮች «ፕሮፖዚሽን 13» የተሰኘውን ሕዝበ ውሳኔ አጽድቀው የቤትና የመሬት ግብርን ገደቡ፤ በዚህ ገቢ የሚተዳደሩ ትምህርት ቤቶችም እጅ አጠራቸው። በ1980 የሳንታ ባርባራ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተዳደር ከበጀቱ 1.1 ሚሊዮን ዶላር ለመቀነስ ሲወስን፣ በስፖርት ቡድኖች፣ በቲያትርና በሙዚቃ ጓዶች በሚሳተፉ ተማሪዎች ላይ ክፍያ ጣለ። ለእያንዳንዱ 25 ዶላር፤ የሚዘምርም መለከት የሚነፋም ልጅ 50 ይከፍላል ማለት ነው። በእርግጥ ለችግረኞች ምሕረት ተደርጎ ነበር።

ባርባራ ሃርትዝል የተባሉ ወላጅ ከማኅበራት ጋር ሆነው ከሰሱ፤ በሥር ፍርድ ቤትም ተረቱ። በ1984 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሻረው። የፍርዱን ዋና ሐተታ የጻፉት ዋና ዳኛ ሮዝ በርድ፣ በ1879 ሕገ መንግሥት የተደነገገው የነፃ ትምህርት ዋስትና እነዚህን እንቅስቃሴዎችም እንደሚያካትት፣ ለድሃው የሚደረገው ምሕረትም ጥሰቱን እንደማያርም አስረዱ።

ይህን የመጨረሻውን ነጥብ በበኩሌ ከሕግ መጽሐፍ አልተማርኩትም። በልጅነቴ የትምህርት ቤታችን የድራማ ክበብ መዋጮ ይጠይቅ ነበር። «የሌለው ለመምህሩ ይንገር» ተባልን። እኔ አልነገርኩም፤ «ድራማ አልወድም» አልኩ። እናቴም አመነችኝ። ምሕረቱን ለማግኘት አስቀድሞ ድህነትን በአደባባይ መናዘዝ ያስፈልጋል፤ ልጅ ደግሞ ከመናዘዝ ፍላጎቱን መካድ ይቀለዋል። በመዝገብ ላይ የሚቀረው «ፍላጎት የሌለው ተማሪ» ተብሎ ነው።

ፍርዱ ብቻውን ግን አልበቃም። ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላም ትምህርት ቤቶች በልዩ ልዩ ስም ማስከፈላቸው ስላልቀረ በ2010 አዲስ ክስ ተመሠረተ፤ በ2012ም ክልከላውን በግልጽ የሚደነግግና ለወላጆች የአቤቱታ መንገድ የሚከፍት ሕግ ወጣ። በፈቃድ የሚሰጥ መዋጮ አልተከለከለም።

የአስተዳደሩ ችግር እውነተኛ እንደነበር አልክድም፤ ፍርድ ቤትም ገንዘብ አያትምም። ሆኖም ጉድለቱን ማን ይሸፍን የሚለው ክርክር የአዋቂዎች ነው፤ በምክር ቤትና በግብር አዳራሽ ይለቅ እንጂ ከሕፃን ኪስ አይፈለግ።