የገርዓልታ የገደል አናት ገዳማትና የማለዳው የእግር ጉዞ

በትግራይ ክልል ምሥራቃዊ ዞን የሚገኘው የገርዓልታ የተራራ ሰንሰለት ከዓለት ተፈልፍለው በተሠሩ ጥንታዊ ገዳማቱና አብያተ ክርስቲያናቱ ይታወቃል። ከእነዚህም መካከል በገደል አናትና በገደል ወገብ ላይ የተሠሩት በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ ጎብኚዎች ዘንድ ይበልጥ ስማቸው ይጠራል። እስከ ደጃፋቸው የሚያደርስ የመኪና መንገድ የለም። ያለው አማራጭ በማለዳ ተነስቶ፣ መንገዱን በሚያውቅ የአካባቢው ሰው እየተመሩ በእግር መውጣት ነው።

ለጎብኚው የአንድ ጠዋት ጉዞ የሆነው ይህ መንገድ ለአካባቢው ምዕመናን የዘወትር የቤተ ክርስቲያን መንገድ ነው። ካህናት ለቅዳሴ፣ እናቶችም ሕፃናትን ክርስትና ለማስነሳት ይወጡበታል። በመሆኑም አስጎብኚው መንገድ ከማሳየት የዘለለ ድርሻ አለው። የጎብኚው ደህንነት፣ የቅርሶቹ ዕድሜና የአካባቢው ነዋሪ ከጉብኝቱ የሚያገኘው ጥቅም በእርሱ ሥራ ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

አቀማመጥና ታሪክ

ገርዓልታ ከመቀሌ ከተማ በስተሰሜን ይገኛል። ተጓዦች ከመቀሌ ወደ አዲግራት የሚወስደውን ዋና መንገድ ይዘው ውቅሮ ሲደርሱ ወደ ምዕራብ በመታጠፍ በአብርሃ ወአጽብሃ፣ በድጉምና በመጋብ በኩል ወደ ሐውዜን ከተማ ያመራሉ። ከፍሬወይኒ ከተማ ተነስቶ ሐውዜን የሚያደርስ ሌላ መንገድም አለ። ሐውዜንና መጋብ ለአብዛኞቹ የእግር ጉዞዎች መነሻ ሆነው ያገለግላሉ።

ተራሮቹ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ሲሆኑ፣ ከለጥ ካለው የእርሻ ማሳ መካከል እንደ ግንብ ቀጥ ብለው ይታያሉ። የድንጋዩ ዓይነት በመሮና በመሰል መሣሪያዎች ለመፈልፈል የሚመች መሆኑ ለቀደሙት መነኮሳትና ጠራቢዎች ሥራ አግዟል። የተራሮቹ ከፍታ ደግሞ ለጸሎትና ለብሕትውና ለሚፈልጉት ጸጥታ ተስማሚ ሆኖ አግኝተውታል።

በትግራይ ያሉ ከዓለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት ብዛት ለምሁራን በስፋት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። በዚያ ዓመት በአዲስ አበባ በተካሄደው ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባዔ ላይ አባ ተወልደ መድኅን ዮሴፍ የ123 አብያተ ክርስቲያናትን ዝርዝር አቅርበዋል። የአካባቢው ሕዝብ ለዘመናት ሲገለገልባቸው የኖሩት ቅርሶች የውጭ ተመራማሪዎችንና ጎብኚዎችን መሳብ የጀመሩት በአብዛኛው ከዚያ ወዲህ ነው። «የትግራይ ቅዱሳን መልክዓ ምድሮች» በሚል ስያሜም እ.ኤ.አ. በ2018 በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የዓለም ቅርስ ጊዜያዊ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል።

አቡነ የማታ

በገርዓልታ ከሚደረጉት ጉዞዎች ሁሉ ስመ ጥሩ ወደ አቡነ የማታ የሚደረገው ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከባህር ጠለል በላይ 2 ሺህ 580 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ቀጥ ብሎ በቆመ የዓለት ዓምድ ውስጥ ተፈልፍሎ ይገኛል። የተሰየመውም በአክሱም ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ከመጡት ተስዓቱ ቅዱሳን አንዱ በሆኑት በአቡነ ይምዓታ ስም ነው። ከስሙ ጋር ተያይዞ የሚነገረው «ጎሕ» የሚለው ቃል በግዕዝ የንጋት ብርሃን ማለት ሲሆን፣ በማለዳ ለሚወጣ ጎብኚ የሚስማማ መጠሪያ ነው።

ጉዞው ከተራራው ግርጌ ሲጀመር ቀላል ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ዳገት ከተወጣ በኋላ ግን ቀጥ ያለ የዓለት ግድግዳ ይገጥማል። እዚህ ላይ ጫማ ይወልቃል። በድንጋዩ ላይ በእጅና በእግር የሚቆናጠጡባቸው ብዙ ትውልድ የተመላለሰባቸው ጎድጎድ ያሉ መርገጫዎች አሉ። የአካባቢው ረዳቶች አንዱ ከላይ ሆኖ እጅ ሲሰጥ፣ ሌላው ከታች ሆኖ የጎብኚውን እግር ወደሚቀጥለው መርገጫ ይመራል። ከግድግዳው በላይ የቀደሙ ካህናት አፅም ያረፈበት ዋሻ ይገኛል። በመጨረሻም በአንድ ወገኑ ዓለት፣ በሌላ ወገኑ ከ200 ሜትር የማያንስ ገደል ያለበት ጠባብ መተላለፊያ ታልፎ ከበሩ ይደረሳል።

በውስጡ ያሉት ሥዕሎች በጥናት 15ኛው ክፍለ ዘመን ላይ የተሣሉ መሆናቸው ይነገራል። ጣሪያው በሁለት ጉልላት የተሠራ ሲሆን በአንደኛው ዘጠኝ ሐዋርያት፣ በሁለተኛው ደግሞ ከተስዓቱ ቅዱሳን ስምንቱ ተሥለዋል። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት የሥፍራውን ታሪክ እስከ ቅዱሳኑ ዘመን ወደ ኋላ ይወስደዋል። የሥዕሎቹ ቀለም ዛሬም ደምቆ መታየቱ ለአየሩ ደረቅነትና ለሥፍራው አስቸጋሪነት የሚሰጥ ምስክርነት ነው።

በዚህ መንገድ እናቶች ሕፃናትን ታቅፈው ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ለክርስትና ያወጣሉ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲወጣ ወድቆ የሞተ ሰው እንደሌለ የአካባቢው ነዋሪዎች በእምነት ይናገራሉ።

ማርያም ቆርቆርና ዳንኤል ቆርቆር

ከመጋብ ተነስቶ ወደ ማርያም ቆርቆር የሚደረገው ጉዞ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። መንገዱ በሁለት ዓለቶች መካከል ባለ ስንጥቅ ውስጥ ያልፋል፤ ከዚያም ተዳፋት በሆነ ዓለት ላይ ይቀጥላል። ከአቡነ የማታ ጋር ሲነጻጸር ገደል የሚያስፈራው ሰው ሊደፍረው የሚችል ነው። ቤተ ክርስቲያኗ በአካባቢው ካሉት ሰፋፊዎቹ አንዷ ስትሆን፣ ከዓለት በተጠረቡ ዓምዶቿና በጥንታዊ የግድግዳ ሥዕሎቿ ትታወቃለች።

ከማርያም ቆርቆር ጥቂት ደቂቃ በገደሉ ጠርዝ ሲሄዱ ዳንኤል ቆርቆር ይገኛል። ትንሽና በሥዕል ያጌጠ የጸሎት ሥፍራ ሲሆን፣ ከበሩ ላይ ሆኖ የሐውዜን ሜዳ በሙሉ ይታያል። ሥፍራው በ13ኛው ክፍለ ዘመን ከኖሩት ከአባ ዳንኤል ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። ከኢትዮጵያ ታላላቅ የምንኩስና መሪዎች አንዱ የሆኑት አቡነ ኤዎስጣቴዎስ በልጅነታቸው የተማሩት በገርዓልታ ደብረ ማርያም፣ በአጎታቸው በአባ ዳንኤል ዘንድ ነው። ከዚህ ገደል ሥር የተነሱት መነኩሴ በኋላ ግብፅንና ኢየሩሳሌምን ተሻግረው እ.ኤ.አ. በ1352 በአርመን አገር አርፈዋል።

በድጉም አቅራቢያ የሚገኘው የደብረ ጽዮን ገዳምም በማለዳ ከሚጎበኙት ውስጥ ነው። በአቡነ አብርሃም እንደተመሠረተ የሚነገረው ይህ ገዳም በዓለት ቅርጹና ተዘርግቶ ክብ በሚሆነው የቅዱሳን ሥዕል ባለበት ጥንታዊ መራዊት ይታወቃል።

ጉዞው በማለዳ የሚሆንበት ምክንያት

ጉዞው ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ እንዲጀመር የሚመከርባቸው ምክንያቶች በርካታ ናቸው። አንደኛው ሙቀት ነው። ፀሐይ ከበረታች በኋላ ዳገቱ ከማድከሙም በላይ በባዶ እግር የሚረገጠው ዓለት ይግላል። ሁለተኛው የአየሩ ጥራት ነው። በማለዳ አየሩ ጥርት ያለ በመሆኑ ሰንሰለቱ እስከ ሩቅ ድረስ ይታያል። በክረምት ወራት ዝናብ የሚጥለው በአብዛኛው ከቀትር በኋላ ስለሆነም የረጠበ ዓለት ላይ ላለመውጣት ማለዳ ይመረጣል። ይሁን እንጂ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ጳጉሜን ባሉት ሣምንታት ማለዳም ቢሆን ዓለቱ ሊያዳልጥ ስለሚችል ዋናው የጉዞ ወቅት ከመስከረም ማገባደጃ ጀምሮ ያለው በጋ ነው።

ሦስተኛውና ጎብኚዎች ብዙ ጊዜ የማያስቡት ምክንያት የቁልፉ ጉዳይ ነው። ቁልፉን የሚይዙት ካህን አብዛኛውን ጊዜ ገበሬም ናቸው። ረፋድ ላይ ማሳቸው ውስጥ ወይም ገበያ ሊሆኑ ይችላሉ። በተለይ ረቡዕ የሐውዜን ገበያ የሚውልበት ቀን ነው። እሁድና በበዓላት ቀን ደግሞ ማለዳው የቅዳሴ ሰዓት ነው፤ በጾም ቀናት ቅዳሴው ወደ ቀትርና ከዚያ በኋላ ይሸጋገራል። እነዚህን ሰዓቶች አጣጥሞ ለካህኑ አስቀድሞ መልዕክት የሚልክ አስጎብኚ ከሌለ፣ ጎብኚው ገደሉን ወጥቶ ከተዘጋ በር ፊት ሊቆም ይችላል።

የአስጎብኚውና የጎብኚው ድርሻ

አስጎብኚዎቹ በአብዛኛው የአካባቢው ተወላጅ የሆኑ ወጣቶች ናቸው። ከመውጣት በፊት የጎብኚውን አቅም መገመት፣ ከፍታ የሚያዞረውን ሰው ወደ ቀለል ያለው ሥፍራ መምራት፣ አስፈላጊ ሲሆን ገመድ እንዲዘጋጅ ማድረግና በትግርኛ ከካህናቱ ጋር ማስተርጎም የሥራቸው አካል ነው። «ዛሬ አይወጣም» የማለት ሥልጣንም የእነርሱ ነው። ነፋስ በበረታበት ወይም ዓለቱ በረጠበበት ቀን ይህን ምክር መቀበል ከጎብኚው ይጠበቃል።

ክፍያውም በአንድ ሰው እጅ የሚቀር አይደለም። ለቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ፣ ለአስጎብኚውና በገደሉ ላይ ለሚያግዙት ረዳቶች የሚከፈለው የተለያየ ነው። መጠኑን ከመነሳት በፊት በግልጽ መነጋገር በገደሉ ላይ ክርክር እንዳይነሳ ይረዳል።

ከበሩ በኋላ ያለው ጥንቃቄም ከገደሉ ላይ ካለው የሚያንስ አይደለም። ጫማ ማውለቅ፣ ለቦታው የሚገባ ልብስ መልበስ፣ ወደ መቅደሱ አለመግባትና ፎቶግራፍ ከማንሳት በፊት የካህኑን ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ ነው። የካሜራ ብልጭታ መጠቀምና ሥዕሎቹን በእጅ መንካት ክልክል ነው። ክፍሎቹ ጠባብ ስለሆኑ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲገባ ልብስና ቦርሳ ከግድግዳው ጋር ይፋተጋል። ከ500 ዓመት በላይ የቆየ ቀለም በአንድ ጠዋት ግድየለሽነት ሊፋቅ ይችላል፤ የተፋቀውን መመለስ ግን አይቻልም። ጎብኚዎችን በትንንሽ ቡድን ከፋፍሎ ማስገባት አስጎብኚው ለቅርሱ የሚያደርገው ቀላሉና ዋነኛው ጥበቃ ነው።

የተቋረጠው ጉዞ

ይህ የማለዳ ጉዞ ለዓመታት ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወደ አገሪቱ ሲገባ የውጭ ጎብኚዎች ቁጥር አሽቆለቆለ። በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው ጦርነት ደግሞ በክልሉ ጉብኝትን ጨርሶ አቆመ። ኑሯቸውን በአስጎብኚነት፣ በረዳትነት፣ በምግብና በማረፊያ አገልግሎት ላይ የመሠረቱ ወገኖች ገቢያቸው ተቋረጠ። ጦርነቱ በሰው ሕይወት ላይ ካደረሰው ከባድ ጉዳት በተጨማሪ በክልሉ ቅርሶችም ላይ ጉዳት አድርሷል።

የሰላም ስምምነቱ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ከተፈረመ በኋላ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታህሳስ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ወደ መቀሌ የሚያደርገውን መደበኛ በረራ ዳግም ጀመረ። የጎብኚዎች መመለስም ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። ወደ አካባቢው ለመሄድ የሚያስብ ሁሉ ከመነሳቱ በፊት ስለወቅቱ የጸጥታና የትራንስፖርት ሁኔታ ማጣራት ይኖርበታል።

መቋረጡ ያሳየው ነገር አለ። ጎብኚ ባልነበረባቸው ዓመታት በሩን ሲከፍቱና ሲዘጉ የቆዩት እነዚያው ካህናት፣ መንገዱን ሲወጡበት የኖሩትም እነዚያው ምዕመናን ናቸው። የቀረው ከጉብኝት ይገኝ የነበረው ገቢና ወጣቶቹ በሥራ ላይ ያካበቱት የአስጎብኚነት ልምድ ነው። ልምዱ ደግሞ በሥራ ካልቀጠለ የሚረሳ ነው።

ሌሎች መሰል ሥፍራዎች

የገደል አናት ገዳማት በገርዓልታ ብቻ የተወሰኑ አይደሉም። ከአዲግራት ወደ ዓድዋ በሚወስደው መንገድ አቅጣጫ የሚገኘውና በ6ኛው ክፍለ ዘመን በአቡነ አረጋዊ የተመሠረተው ደብረ ዳሞ 15 ሜትር ያህል ገደል በገመድ የሚወጣበት ሲሆን፣ ለሴቶች አይፈቀድም። በአማራ ክልል ከላሊበላ ከተማ በላይ ባለው ተራራ ላይ የምትገኘው አሸተን ማርያምም በእግር ወይም በበቅሎ የሚወጣባት ናት። በሁሉም ዘንድ ደንቡ አንድ ነው፤ የሚወጣው በአካባቢው ሰው መሪነት፣ የሚገባውም በካህኑ ፈቃድ ነው።

ከገርዓልታ ተራሮች የወጣ ጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ወደ ግርጌው ይመለሳል። አስጎብኚው ተራውን ለሚቀጥለው ይለቃል፤ ካህኑም በሩን ቆልፈው፣ ቁልፉን ይዘው በዚያው መንገድ ወደ ማሳቸው ይወርዳሉ።