ስለ አድዋ አንድ ገጽ ስንጽፍ

የታሪክ አስተማሪያችን ለክፍላችን አንድ ሥራ ሰጥተውን ነበር። ይኸውም ለቤተ መጻሕፍታችን በሚዘጋጀው የጦር ታሪክ መዝገበ ዕውቀት ውስጥ የሚገባ፥ ስለ አድዋ የሚናገር፥ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ጽሑፍ ማዘጋጀት ነው። አድዋን የማያውቅ ማን አለ ብለን ሥራውን እጅግ አቃለልነው። ዳሩ ግን ብዕር ባነሣን ጊዜ ገና በመጀመሪያው መስመር ተሰናከልን።

የተሰናከልነው በቀኑ ነው። ውጊያው የተደረገው እሑድ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲሆን የውጭ አገር መጻሕፍት ማርች 1 ቀን 1896 ይላሉ። እኛ ግን በዓሉን የምናከብረው በፈረንጅ ቍጥር ማርች 2 ቀን ነው። ከመካከላችን አንዳንዶቹ መጻሕፍቱን ሊያርሙ ቸኵለው ነበር። ሲመረመር ግን የተሳሳተ አልተገኘም። ኤውሮፓውያን በ1900 እ.ኤ.አ. በየአራት ዓመቱ የምትጨመረውን ቀን ሲተዉ የእኛ አቈጣጠር ስላልተዋት፥ ከዚያ ወዲህ ልዩነቱ በአንድ ቀን ሰፍቷል።

ቀጥሎ ስለ ርእሱ ተከራከርን። ሁላችንም «የአድዋ ጦርነት» ብለን ጽፈን ነበር። ነገር ግን ጦርነቱ ከአድዋ አስቀድሞ ተጀምሯል፤ ኅዳር 28 ቀን ሻለቃ ቶዜሊ በአምባላጌ ድል ሆኖ ሞቷል፤ የመቀሌም ምሽግ ተከቦ ተለቅቋል። ስለዚህ ለጠቅላላው ጦርነት፥ ለዚያ ለአንዱ ቀን ውጊያ ማለትን መረጥን።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን የአንድ ኮረብታ ስም ነው። ጄኔራል ባራቲየሪ ለአዛዦቹ በሰጠው ንድፍ ላይ አንዱን ኮረብታ ኪዳነ ምሕረት ብሎ ጽፎት ነበር፤ የአገሩ ሰው በዚህ ስም የሚጠራው ስፍራ ግን ከዚያ ወደ ፊት ርቆ ይገኛል። ጄኔራል አልቤርቶኔ በሌሊት ከታሰበው ስፍራ ደርሶ ቆመ፤ መንገድ መሪዎቹ ኪዳነ ምሕረት ገና ነው ሲሉት ገሠገሠና ጎሕ ሲቀድ ብቻውን ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ገጠመ። ባራቲየሪ በአሥመራ ለፍርድ ቀርቦ ነፃ ከወጣ በኋላ በ1898 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አልቤርቶኔን ይወቅሳል። ጥፋቱን ከራሱ ለማራቅ የሚጽፍ ሰው ምስክርነቱ ይጠቅማል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። በእኛም በኩል የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴን የታሪክ ዘመን ስናነብ ደራሲው የንጉሠ ነገሥቱ ባለሟል እንደ ነበሩ አልዘነጋንም።

ስለ ጦሩ ብዛት የተለያየ ቍጥር አገኘን። የኢትዮጵያን ጦር አንዱ 80 ሺህ፥ ሌላው እስከ 120 ሺህ ያደርሰዋል፤ በስም መዝገብ የተቈጠረ ጦር ስላልነበረ ሁለቱንም ግምት ጻፍን። የኢጣልያን ጦር በተመለከተ «17,700 ኢጣልያውያን» የሚል አርቅቀን ነበር። ይህ ስሕተት ነው። ከእነዚህ ውስጥ 7 ሺህ ያህሉ አስካሪ የሚባሉት ናቸው፤ አብዛኞቹም ኢጣልያ በ1882 ዓ.ም. ቅኝ ግዛት ካደረገቻት ከኤርትራ የተመለመሉ ናቸው። በዚያ ቀን 2 ሺህ ያህል አስካሪዎች ሞተዋል። ጠላትን ስንቈጥር ደምረናቸው፥ ሙታንን ስንጽፍ ረስተናቸው ኖሯል።

እነዚህን ሰዎች ምን ብለን እንጥራቸው? ባንዳ እንበላቸው ያለ ነበር። ሌላው ይህ ስድብ እንጂ የመዝገብ ቃል አይደለም አለ፤ ክርክሩም ደወል እስኪደወል አላለቀም። በማግስቱ «በኢጣልያ ጦር ውስጥ ያገለገሉ የኤርትራ ተወላጆች» ብለን ጻፍን።

የመጨረሻው ክርክር ከዚህ የከበደ ነበር። ከተማረኩት አስካሪዎች 800 ያህሉ እንደ ከዳተኛ ተቈጥረው ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቈርጧል። አንዳንዶቻችን የድሉን ክብር ያጐድፋል፥ ይቅር አልን፤ ገጹም ጠባብ ነው ብለን አመካኘን። አስተማሪያችን ዝም ብለው አደመጡንና የኢጣልያ መጻሕፍት የራሳቸውን ነውር ቢደብቁ ምን ትላላችሁ ብለው ጠየቁን። መልስ አልነበረንም። እንዲጻፍ ከተስማማን በኋላም «ተቈረጠ» የሚለው ቃል ብቻውን ፈራጁን እንደሚሰውር ስላየን «በንጉሠ ነገሥቱ ሰፈር በተሰጠ ፍርድ» የሚል ጨመርን። ዐረፍተ ነገሩንም ከገጹ ግርጌ ሳይሆን ከድሉ ቀጥሎ አስቀመጥነው።