የዊምብልደን ጥንዶች

በቴኒስ ጨዋታ አንድ ለአንድ የሚደረገው ግጥሚያ የተመልካቹን ዓይን አብልጦ ይስባል፤ ሁለት ለሁለት የሚደረገው የጥንድ ግጥሚያ ግን ብዙ ጊዜ በሁለተኛ ደረጃ ይታያል። ሆኖም የሰውን ጠባይ ለመመርመር ለሚፈልግ ሰው ከጥንድ ግጥሚያ የበለጠ አስተማሪ ጨዋታ ማግኘት ያስቸግራል። አንዷ ወደ መረቡ ስትቀርብ ሌላዋ ከኋላ ሆና ሜዳውን ትጠብቃለች፤ አንዷ ያመለጣትን ኳስ ሌላዋ ትመልሳለች፤ ድሉም ሆነ ሽንፈቱ የሁለቱ ነው። ለዚህ ነገር ጥሩ ምስክር የሚሆነን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1956 ዓ.ም. (በኛ በ1948 ዓ.ም.) በለንደን ከተማ፥ በዊምብልደን ሜዳ የሴቶችን የጥንድ ዋንጫ ያሸነፉት የአልቲያ ጊብሰንና የአንጄላ ባክስተን ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወይዘሪት አልቲያ ጊብሰን በ1927 ዓ.ም. በአሜሪካ በደቡብ ካሮላይና ክፍለ አገር ተወለደች። ወላጆቿ በሰው መሬት ላይ ጥጥ የሚያለሙ ጥቁር ገበሬዎች ነበሩ። ገና ሕፃን ሳለች ቤተ ሰቧ ኑሮን ለማሻሻል ወደ ኒውዮርክ፥ ወደ ሃርለም ሰፈር ተሻገረ። እዚያም በሰፈሯ መንገድ ላይ ልጆች በእንጨት መምቻ በሚጫወቱት ጨዋታ ስመ ጥር ሆነች። በዚያን ጊዜ ታላላቆቹ የአሜሪካ የቴኒስ ውድድሮች ለጥቁሮች ዝግ ስለ ነበሩ፥ ጥቁሮች የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው በመካከላቸው ይወዳደሩ ነበር። አልቲያ ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ በዚህ ማኅበር የሴቶች ሻምፒዮና ዐሥር ዓመት በተከታታይ አሸነፈች። ሁለት ጥቁር ሐኪሞች፥ ዶክተር ሁበርት ኢተንና ዶክተር ሮበርት ጆንሰን፥ በየቤታቸው ተቀብለው፥ በግል ሜዳቸው እያሠለጠኑ ረድተዋታል።

ይሁን እንጂ በሩ በችሎታ ብቻ የሚከፈት አልሆነም። በ1950 ዓ.ም. የቀድሞዋ ሻምፒዮን ነጪቱ አሊስ ማርብል በአንድ የቴኒስ መጽሔት ላይ ግልጽ ደብዳቤ ጽፋ፥ ይህችን ልጅ ከውድድር ማገድ ለጨዋታው ነውር መሆኑን ለወገኖቿ ነገረቻቸው። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር አልቲያ በፎረስት ሂልስ በተደረገው የአሜሪካ ሻምፒዮና ላይ የተሰለፈች የመጀመሪያዋ ጥቁር ተጫዋች ሆነች።

ወይዘሪት አንጄላ ባክስተን ደግሞ በ1934 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ከተማ ከአይሁድ ቤተ ሰብ ተወለደች። እርሷም በበኩሏ፥ በወጣትነቷ በለንደን የሚገኝ አንድ የቴኒስ ክለብ አይሁዳዊት በመሆኗ አባል ሊያደርጋት እንዳልፈቀደ ኋላ ተናግራለች። እንግዲህ አንዷ በቆዳዋ ቀለም፥ ሌላዋ በትውልዷ ምክንያት ከደጅ መቆምን የሚያውቁ ሁለት ሴቶች ተገናኙ ማለት ነው።

በ1956 ዓ.ም. በጋ ሁለቱ በፓሪስ አብረው ተሰለፉና የፈረንሳይን የጥንድ ሻምፒዮና አሸነፉ። በዚያው ውድድር አልቲያ ለብቻዋም አሸንፋ፥ ከአራቱ ታላላቅ የቴኒስ ሻምፒዮናዎች አንዱን የወሰደች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሰው ሆነች። ከጥቂት ሳምንት በኋላም በዊምብልደን የአውስትራሊያዎቹን ፌይ ሙለርንና ዳፍኒ ሲኒን በመጀመሪያው ዙር 6 ለ1፥ በሁለተኛው 8 ለ6 ረትተው ዋንጫውን ተቀበሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው በእነርሱ ላይ ተፈጸመ።

ነገር ግን ዋንጫ እንጀራ አይሆንም። በዚያን ዘመን ሕግ በነዚህ ሻምፒዮናዎች የሚሰለፉት አማተሮች ብቻ ስለ ነበሩ፥ በጨዋታው ደመወዝ የተቀበለ ሰው ከውድድሩ ይወጣ ነበር። ባክስተን የእጇ አንጓ ስለ ታመመ ብዙም ሳትቆይ ውድድሩን ተወች። ጊብሰን ግን በ1957 ዓ.ም. በዊምብልደን ለብቻዋ አሸንፋ ዋንጫውን ከንግሥት ኤልሳቤጥ 2ኛ እጅ ተቀበለች፤ የኒውዮርክም ሕዝብ በአደባባይ በሰልፍ ተቀበላት። ድሉን በ1958 ዓ.ም. ከደገመች በኋላ፥ ክብሩ የሚያኖራት ባለመሆኑ፥ አማተርነቱን ትታ በክፍያ መጫወት ጀመረች። ሆኖም ለሴቶች የተደራጀ የፕሮፌሽናል ውድድር ስላልነበረ፥ ሃርለም ግሎብትሮተርስ የተባለው የቅርጫት ኳስ ቡድን ከመጫወቱ በፊት ለተመልካች ቴኒስ እያሳየች ከከተማ ወደ ከተማ ለመዞር ተገደደች።

ዊምብልደን ለፕሮፌሽናሎች የተከፈተው በ1968 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የሴቶችን የጥንድ ውድድር ያሸነፉት ቢሊ ጂን ኪንግና ሮዝመሪ ካዛልስ ሆኑ፤ ለጥንዶቹ የተመደበው ሽልማት 500 ፓውንድ ሲሆን፥ የወንዶቹ ጥንድ 800 ፓውንድ ነበር። በዊምብልደን የሴቶችና የወንዶች ሽልማት እኩል እስኪሆን ድረስ እስከ 2007 ዓ.ም. መጠበቅ ግድ ሆኗል። አልቲያ ግን በሩ ሲከፈት አርባ ዓመት ሞልቷት ነበርና ጊዜዋ አልፎ ነበር።

ወዳጅ የሚታወቀው በችግር ቀን ነው። በ1990ዎቹ ዓመታት አልቲያ በበሽታና በድህነት ተይዛ፥ ለመድኃኒትና ለቤት ኪራይ የምትከፍለው ባጣች ጊዜ፥ ስልክ የደወለችው ወደ አንጄላ ባክስተን ነው። ባክስተንም የራሷን ገንዘብ ከመላኳ ሌላ፥ ችግሩ በአንድ የቴኒስ መጽሔት ላይ እንዲገለጽ አደረገች፤ ከብዙ አገሮችም ርዳታ መጣ። ሜዳ ላይ አንዷ የሳተችውን ኳስ ሌላዋ ትመልስ እንደ ነበረ፥ ከአርባ ዓመት በኋላም እንዲሁ ሆነ። አልቲያ በ2003 ዓ.ም.፥ ባክስተን በ2020 ዓ.ም. ዐረፉ።

በ2019 ዓ.ም. በኒውዮርክ የአሜሪካ ሻምፒዮና በሚደረግበት ስፍራ ለአልቲያ ጊብሰን ሐውልት ቆመላት። ሐውልቱ የአንዲት ሴትን ድል ለትውልድ ያስታውሳል፤ መልካምም ነው። ነገር ግን የስፖርትን ታሪክ የሚያስተምር መምህር ከሐውልቱ አጠገብ ሌላውንም ነገር ቢያስታውስ ደግ ነው፤ ይኸውም፥ የጥንድ ግጥሚያ ዳኛው የመጨረሻውን ውጤት በተናገረ ጊዜ የማያልቅ መሆኑን ነው።