የመንዝ ዘፈን ስሙን የት ጣለ?

መንዝ ሦስት ፊደል ነው። መርሐ ቤቴ አምስት፣ ግሼ ሁለት። ከካሴት ወደ ኮምፒውተር የተገለበጠ ዘፈን ርእሱ ላይ ከእነዚህ ስሞች አንዱ ሲኖርበት ግን ማጫወቻው አንዳንዴ የሚያሳየን የላቲን ፊደልና ምልክት የተደበላለቀበት ዝባዝንኬ ነው። አንዳንዴም የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ እናገኛለን። ማሲንቆው ይሰማል፤ ስሙ ግን የለም። ነገሩ እንዴት እዚህ ደረሰ? (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1996 ኤሪክ ኬምፕ የተባለ ሰው የኤምፒ3 ፋይል ጭራ ላይ 128 ባይት ቀጠለ፤ ለርእስ 30፣ ለዘፋኝ 30፣ ለአልበም 30። «አይዲ3» የሚባለው መለያ ይህ ነው። በየትኛው የፊደል ኮድ እንደተጻፈ የሚናገርበት ቦታ አልነበረውም። በ1998 የመጣው ሁለተኛው ትውልድ ዩኒኮድን ፈቀደ፤ ነገር ግን የኛ ፊደል ገና ዩኒኮድ ውስጥ አልነበረም። የገባው በ1999 ነው፤ በዩኒኮድ 3.0፣ 345 ምልክቶችን ይዞ።

እስከዚያ ድረስስ? ፊደላችን ከነዲቃላዎቹ፣ ከነአኃዙና ከነነጥቦቹ በአንድ ባይት 256 ቦታዎች ውስጥ አይበቃም። ስለዚህ የአማርኛ መጻፊያ የሠራ ሁሉ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የራሱን ቅርጽ እየሳለ፣ በራሱ ቁጥር ይጠቀም ነበር። በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም። ደብዳቤ ከሆነ ፎንቱን ቀይሮ ማንበብ ይቻላል፤ የሙዚቃ ማጫወቻ ግን ብዙውን ጊዜ ፎንት አያስመርጥም።

ዩኒኮድ ከመጣ በኋላም ችግሩ መልኩን ቀየረ እንጂ አልጠፋም። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። የጥንቱ 30 ባይት እንግዲህ የሚችለው 10 ፊደል ብቻ ነው። ማጫወቻው ጽሑፉን ላቲን ነው ብሎ ካነበበው ደግሞ «መንዝ» ዘጠኝ ባዕድ ምልክት ይሆናል፤ በየሦስቱም መነሻ ላይ ያቺው አናቷ ላይ ጭረት ያለባት የላቲን ፊደል ትመላለሳለች።

ስለዚህ በሽታው ሦስት ዓይነት ነው። ባዶ ሳጥን ካያችሁ ጽሑፉ ጤነኛ ነው፤ የጎደለው ፎንት ነው። በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ በመምጣቱ ይኼኛው ለብዙዎች ቀለለ። ዝባዝንኬው ደግሞ ይድናል፤ ባይቶቹ ሳይነኩ በትክክለኛው ኮድ እንደገና ይነበቡ እንጂ። የጥያቄ ምልክቱ ግን ሞት ነው። ላቲን ብቻ የሚያውቅ ፕሮግራም ፊደሉን ሲያጣው «?» ብሎ ካስቀመጠ፣ «መንዝ»ም «ግሼ»ም ከዚያ ወዲያ አይመለሱም።

ምን አለበት፣ ዘፈኑ ከተሰማ? የሚባል አይደለም። ካሴት የዘፋኙን ስም በሽፋኑ ላይ ይዞ ይዞር ነበር። ፋይል ሽፋን የለውም፤ ምስክሩ ያ መለያ ብቻ ነው። አገር የሚያውቀው ድምፃዊ ስሙ ቢበላሽ ሺህ ሰው ያርምለታል። ከሞላሌና ከዓለም ከተማ ገበያ ያልራቀ ባለ ማሲንቆ ግን ማን ያርምለታል? በላቲን መጻፍም መፍትሔ አይደለም፤ የመርሐ ቤቴን «ሐ» ከ«ሀ» አይለይም፣ ሁሉም እንደመሰለው ስለሚጽፈው ፈልጎ ማግኘቱም ፈተና ነው።

እናም ከማረማችሁ በፊት ቅጂ አስቀሩ። ስታርሙም በፊደል፣ በዩኒኮድ ጻፉ። ዘፋኙን የሚያውቁ አዛውንት በሕይወት ሳሉ የጥያቄ ምልክቶቹን ይዛችሁ ሂዱና ጠይቁ፤ ያንን የሚመልስ ፕሮግራም የለም።