የውኃና የፍሳሽ መስመር ዝርጋታ ሙያን ለመጀመር፦ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ለሚገኙ ሥራ ፈላጊዎች የተዘጋጀ መረጃ

ለአዲስ አበባ ከሚቀርበው ውኃ ጉልህ ድርሻ ያለው የከርሰ ምድር ውኃ ከአቃቂ ጉድጓዶች ተስቦ ወደ ከተማዋ ይገባል። የከተማዋ ፍሳሽ ደግሞ ከእንጦጦ ወደ ደቡብ የሚያዘቀዝቀውን መሬት ተከትሎ፣ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ የማጣራት አቅም ወዳለው የቃሊቲ ማጣሪያ ጣቢያ ይወርዳል። በመሆኑም በክፍለ ከተማው ቧንቧ መዘርጋት፣ መጠገንና መለወጥ የማይቋረጥ ሥራ ነው። ሥራውን በዋናነት የሚያሠሩት የአዲስ አበባ ውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣንና ውል የሚገቡ ሥራ ተቋራጮች ናቸው።

አብዛኛው ሰው ወደ ሙያው የሚገባው በቀን ሠራተኛነት፣ አካፋና ዶማ ይዞ ነው። ይሁን እንጂ ቦይ መቆፈርና መስመር መዘርጋት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ቆፋሪው ወደ ዘርጊነት የሚሸጋገረው ልኬትና ገጠማ ሲችል፣ መቻሉንም በሰነድ ማስረዳት ሲችል ነው። ሰነዱ ስለሚዘነጋ ዓመታት የሠሩ ሰዎች ሳይቀሩ በየአዲሱ ፕሮጀክት እንደ ጀማሪ ይቀጠራሉ።

አመልካቾች በቅድሚያ ዕድሜያቸውን ሊያጤኑ ይገባል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች የሆነ ሰው አይቀጠርም፤ 18 ዓመት ያልሞላው ወጣት ሠራተኛ ደግሞ በፍሳሽ ማስወገጃ መስመሮችና በዋሻ ቁፋሮ ሥራ ላይ እንዳይሰማራ ተከልክሏል። የወላጅ ፈቃድ ይህን ክልከላ አያነሣም።

ፍሳሽ በአብዛኛው የሚሄደው በተዳፋት እንጂ በግፊት አይደለም። የአንድ በመቶ ተዳፋት ታዘዘ ማለት በእያንዳንዱ 6 ሜትር ቧንቧ 6 ሴንቲ ሜትር መውረድ ነው። በመካከል አንዱ ቧንቧ ቀና ካለ ደለል ይተኛበትና መስመሩ ይደፈናል፤ ስሕተቱም ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው አስፋልቱ ከለበሰ በኋላ ነው። የንጹሕ ውኃ መስመር ግን በግፊት ስለሚሠራ ጥንቃቄው መጋጠሚያው ላይ ነው፤ በጎማ ማሸጊያው ሥር የቀረ ጥቂት አሸዋ ውኃ እንዲያፈስ ሊያደርግ ይችላል። የግፊት ሙከራ የሚደረገውም ለዚህ ነው። የአካባቢው መረሬ አፈር በክረምት አብጦ በበጋ ስለሚሰነጠቅ ቧንቧውን ያንቀሳቅሰዋል፤ ስለዚህ ከሥሩና ከጎኑ አሸዋ ወይም የተመረጠ አፈር ይደረጋል። የወጣውን መረሬ መልሶ በቧንቧው ዙሪያ መሙላት ቀላል ቢመስልም ቆይቶ ሌላ ቁፋሮ ያስከትላል።

አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ሊመዝን ይችላል፤ የተደረመሰበት ሰው በራሱ ኃይል አይወጣም። ግድግዳው ያልተደገፈ ወይም ተዳፋት ያልተደረገለት ጥልቅ ቦይ ውስጥ አይግቡ። የወጣው አፈር ከጠርዙ መራቁን፣ መውጫ መሰላል መኖሩን፣ ቦዩም ከዝናብ በኋላ ዳግመኛ መፈተሹን ያረጋግጡ።

የማንሆል አደጋ ደግሞ ለዓይን አይታይም። እንደ ገማ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ መጠኑ ሲጨምር የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል፤ ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። የወደቀ ባልደረባውን ለማውጣት ተከትሎ የገባ ሰውም አብሮት ሊሞት ይችላል። አየሩ በመሣሪያ ሳይለካ፣ የደኅንነት ገመድ ሳይታጠቁ፣ ውጭም ጠባቂ ሳይኖር መግባት አይገባም። የመከላከያ ትጥቅ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው።

ውሉ በቃል የተደረገ እንደሆነ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ዝርዝር በጽሑፍ ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት፤ ጽሑፍ አለመኖሩም ሠራተኛውን መብቱን አያሳጣውም። ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ የሠራውን ሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ ይሰጠዋል። ፕሮጀክት ሲያበቃ ፎርማኑም ተቋራጩም ስለሚበተኑ ይህን ወረቀት ሥራው ሳያልቅ መጠየቅ ይመረጣል።

የሙያ ብቃት ምዘና በኮሌጅ ለሠለጠኑ ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ በሥራ ላይ የተማሩም መመዘን ይችላሉ። ምዘናው የንድፈ ሐሳብና የተግባር ክፍል አለው።

ሥራ ፈላጊዎች በሚኖሩበት ወረዳ በሚገኘው የአንድ ማዕከል አገልግሎት መታወቂያቸውንና የትምህርት ወይም የሥራ ልምድ ማስረጃቸውን ይዘው መመዝገብ ይችላሉ። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት፣ ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰው ካልሆነ በስተቀር፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። የደኅንነት ጉድለት ያጋጠመው ሠራተኛ በክፍለ ከተማው ለሚገኘው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይችላል።